ዝጊው ይሉኛል

ዛሬ እንዲሁ ደብሮኛል። ምክንያቱ 35 ዶላር ናት። ሳቁ፣ ግድ የለም።

ከቻይልድ ሰፖርት ቢሮ፣ የልጅ ማሳደጊያ ከልጄ አባት ላይ ከሚሰበስብልኝ የስቴቱ መሥሪያ ቤት፣ ደብዳቤ መጣ። በዓመቱ ውስጥ 550 ዶላር ከሰበሰቡልሽ በኋላ 35 ዶላር የአገልግሎት ክፍያ ይቆረጣል ይላል። የፌዴራል ሕግ ነው። አንዳንዱ ስቴት ራሱ ይችለዋል፣ አንዳንዱ ከአባትየው ይቀበላል፣ የኛው ከእናትየው ላይ ያነሳል። ዌልፌር፣ የመንግሥት ድጎማ፣ ወስጄ ቢሆን ኖሮ ክፍያው አይነካኝም ነበር። አልወሰድኩም፤ ኮርቼ ነበር። ኩራት በዓመት 35 ዶላር ያወጣል ማለት ነው።

ነገሩን ላጣራ ብዬ በስልኬ ቢሮው ላይ ያለኝን አካውንት ከፈትኩ። ከታች በኩል አባትየው ያልከፈለው ውዝፍ ተጽፏል። እሱን ሳይ የእህቱ ነገር መጣብኝ።

ባለፈው ደወለችልኝ። «እህቴ፣ እኔን አትይ፣ እሱንም አትይ፣ ስለ እናታችን ብለሽ ኬዙን ዝጊው» አለችኝ። እናታቸው እማማ ታመዋል። እሱ አገር ቤት ሊሄድ አልቻለም። የአሜሪካ ፓስፖርቱ ጊዜው አልፎበት ሊያሳድስ ቢያመለክት አልሰጥም አሉት። ውዝፉ ከ2,500 ዶላር ካለፈ ስቴቱ ስምህን ወደ ፌዴራል ያስተላልፋል፣ ከዚያ በኋላ ፓስፖርት የለም። የሚገርመው ዜግነት ባይወስድ ኖሮ ይሄ አያገኘውም ነበር። በአበሻ ፓስፖርቱና በግሪን ካርዱ ብድግ ብሎ ይሄድ ነበር። ዜጋ ሲሆን ዳቦ ደፍቼ እልል ያልኩለት ደግሞ እኔ ነኝ።

ቤተሰብ በሞት አፋፍ ላይ ሲሆን ስቴቱ ፓስፖርቱን ሊለቅ የሚችልበት መንገድ እንዳለ ነገርኳት። ግን እሱ ራሱ ደውሎ መጠየቅ አለበት። «እንዴት አድርጎ ይለምናቸው?» አለችኝ። ዝም አልኩ። እኔ እሱን ለስንት ጊዜ ስለምን ግን ማንም «እንዴት?» አላለም።

ሰው «ለመንግሥት አሳልፋ ሰጠችው» ይላል። ቡና ቤት የተቀመጠ ሁሉ ያውቀኛል። ከዚያ በፊት የነበረውን ግን ማንም አያወራም። መጀመሪያ በእጁ ነበር የሚሰጠኝ። ከዚያ «ለዓርብ» ሆነ። ከዚያ «ለሚቀጥለው ዓርብ»። የዴይኬሩን ደረሰኝ በፎቶ እልክለታለሁ፣ አይቶት ዝም። ባዶ የዳይፐር ካርቶን ሁሉ ልኬለታለሁ። ሰው ባዶ ካርቶን ፎቶ ሲያነሳ አስቡት እስቲ።

ለቢሮው ካመለከትኩ በኋላ ከደሞዝ ቼኩ ላይ መቆረጥ ጀመረ። ሥራ ቀይሮ ሲጠፋ እንኳን አገኙት። ከ1996ቱ ሕግ ወዲህ አሠሪ አዲስ የቀጠረውን ሰው በ20 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለበት። ሐሜተኞቻችን ሳይሰሙ ቢሮው ሰማ። ከዚያ ነቃና ኡበር መንዳት ገባ። እዚያ እንደ ደሞዝተኛ በቀላሉ የሚቆርጥ የለም። ውዝፉ የተቆለለው ያኔ ነው። አንዴ የታክስ ተመላሹን ይዘው ሲልኩልኝ ልቤ ሊቆም ነበር፤ በአንድ ጊዜ ያን ያህል ብር ከሱ አይቼ አላውቅም።

ለኔ ትልቁ ነገር ግን ብሩ አልነበረም። አለመጠየቁ ነው። ስልክ አንስቼ፣ ድምፄን አለሳልሼ፣ ስሜቱን ገምቼ... እሱ ቀረ። እናቴ ይሄን ብታገኝ ምን ትል ነበር?

እናቴ በወር መጨረሻ ዩኒፎርሜን እንዳላወልቅ ትከለክለኝ ነበር። እጄን ይዛ አባቴ መሥሪያ ቤት በር ላይ ታቆመኛለች። ፍርድ ቤት ቀለብ ወስኖላታል፤ ከደሞዙ ለማስቆረጥ ያለው ምልልስ ግን አንገሸገሻት። ዘበኛው ያውቀናል፣ ጥላ ሥር እንድንቆም ቦታ ይለቅልናል። አባቴ ሲወጣ ያየናል። ጀርባውን ይሰጠንና ብሩን ይቆጥራል። እኔ ኮቱን አያለሁ፣ እናቴ ሁለመናውን ታያለች። አንድ ቀን የጫማው አፍ ተከፍቶ ካልሲው ይታያል። ብሩን ሲዘረጋላት ተቀበለችው፣ ከመሃሉ መዝዛ መለሰችለት። አንድም ቃል አልተናገሩም። ከዚያ እስከ ሰፈር ድረስ ስትሰድበው ሄደች፤ ሲደክማት ራሷን ሰደበች።

እኔ የልጄን አባት ጫማ ካየሁ ቆየሁ። ከሰኞ እስከ እሁድ መኪና ውስጥ ነው ይላሉ። ጀርባውን ያመዋል ይላሉ። ገቢዬ ቀንሷል ብሎ ቢያመለክት የወሩ ክፍያ ሊቀነስለት ይችላል። አላመለከተም። የተጠራቀመውን ደግሞ ዳኛም ወደ ኋላ ሄዶ አይነካውም፤ ከ1986 ጀምሮ ሕጉ እንደዚያ ነው።

እና ለእህቱ «ቁልፉ እኔ ጋ አይደለም» አልኳት። ግማሹ እውነት ነው። ኬዙን ብዘጋው ውዝፉ አይጠፋም። ግን ዌልፌር ስላልወሰድኩ ውዝፉ የኔ እንጂ የመንግሥት አይደለም። ምሬዋለሁ ብዬ ብፈርም ሊሰረዝ ይችላል። ፎርሙ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ለምን እንደያዝኩት አትጠይቁኝ።

እማማ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አንስተውብኝ አያውቁም። በደወልኩ ቁጥር «ልጄን ሳሚልኝ» ብቻ ነው። ቢያነሱብኝ ይቀለኝ ነበር፤ እናደድና ይወጣልኝ ነበር። አሁን ግን በማን ልናደድ?

ደግሞስ ብሩ የኔ ነው እንዴ? በልጅቷ ስም የተቆረጠ ነው። የጥርስ ሐኪሟ ብሬስ፣ የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ፣ ያስፈልጋታል ካለ ቆይቷል። የሌላ ሰው ልጅ ገንዘብ ላይ ቸር መሆን ቀላል ነው፤ ልጅየዋ የራስ ስትሆንስ?

እሷን ልጠይቃት እላለሁ። ግን ምን ብዬ? «አባትሽ አያትሽን ሊያይ ነው» ስላት ቀድማ ምን እንደምትል አውቃለሁ። «እኔስ አብሬው አልሄድም?» ነው የምትለው። የሷን ትኬት ደግሞ ማን ሊገዛ ነው?