ዘካው ያሳየን ጉድለት

መርካቶ ውስጥ አንድ አባያና ሻርፕ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ሒሳብ እሠራለሁ። እኔ ሙስሊም አይደለሁም። ባለቤቱ ሐጂ ግን ንግዳቸውን በሃይማኖታቸው ሚዛን ነው የሚመሩት። ወለድ ያለበት ብድር አይነኩም። ስፌቱ የተተረተረ አባያ ካለ ራሳቸው ገልብጠው፣ "ልጄ፣ ይቺን አይተሻታል?" ብለው ለገዢዋ ያሳያሉ። ደንበኛ የሚመላለሰው በዚህ ይመስለኛል።

የ2017 ረመዳን ሲቃረብ "ዘካዬን አስላልኝ" አሉኝ። ዘካ ሙስሊም ከሀብቱ በየዓመቱ ለችግረኞች የሚያወጣው ግዴታ ነው። ቀላል መሰለኝ። እቃውን ቆጥሬ በገዛንበት ዋጋ አባዛሁት፤ 1.2 ሚሊዮን ብር መጣ። ሁለት ተኩል በመቶው 30 ሺህ ብር። ሐጂ ወረቀቱን ይዘው፣ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ሼሁን ሊያማክሩ ሄዱ።

ሲመለሱ ፊታቸው ልክ አልነበረም። "በደረሰኙ አይደለም የሚቆጠረው። ዛሬ ገበያ ላይ በሚያወጣው ነው" አሉኝ።

እንደገና ስሠራው ደነገጥኩ። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የአስመጪው ዋጋ ተተኩሷል። ሐጂ ግን "በርካሽ የገዛሁትን ማስወደድ ሰው መበዝበዝ ነው" እያሉ የድሮውን እቃ በድሮው ዋጋ ይሸጡ ነበር። በ1,400 የገባውን አባያ በ1,800 እንሸጣለን። ያንኑ አባያ መልሶ ለመግዛት ደግሞ 2,500 ያስፈልጋል። እኔ በእያንዳንዱ ላይ 400 ብር ትርፍ እያልኩ ስመዘግብ ከርሜያለሁ። መደርደሪያው እየሳሳ እንደነበር አይቻለሁ፤ ግን የሃይማኖት ጉዳይ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ዝም ማለት አልነበረብኝም። ሥራዬ እኮ ይኸው ነበር።

ሼሁ ለካ ይህንንም ነግረዋቸዋል። እቃ ደብቆ ዋጋው እስኪወጣ መጠበቅ ሐራም ነው፤ እንከን መሸፈን ሐራም ነው፤ ተስማምቶ በገበያ ዋጋ መሸጥ ግን ሐላል ነው። ሐጂ የሚፈሩት ኃጢአት ሌላ ቦታ ነበር ማለት ነው።

አዲሱ ሒሳብ 2 ሚሊዮን ሆነ። ዘካው 50 ሺህ። ሳንቲም ሳይቀንሱ ከፈሉ።

ሰኞ ጠዋት የዋጋ ወረቀቶቹን አብረን ቀየርን። ሐጂ ስፌታቸው የተተረተረ አራት አባያዎች ለብቻ አወጡና በድሮው ዋጋ አስቀመጧቸው። በእያንዳንዳቸው ላይ ወረቀት ለጥፈው በእጃቸው ጻፉ፦ "እንከን አለው።"