የዱባና የበርበሬ ሻወር

ቅዳሜ የአክስቴን ልጅ ሻወር፣ ማለትም ከሠርግ በፊት ለሙሽራ የሚደረገውን ግብዣ፣ ደገስን። ሠርጉ ጥር ላይ አዲስ አበባ ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ዙሪያ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያለው ዘመድ ወዳጅ አንዱ በሥራ፣ አንዱ በልጅ፣ ሌላው በትኬት ዋጋ ተይዞ ስለሚቀር፣ ለብዙዎቹ ሠርጉ ይኸው ሻወር ነው ማለት ይቻላል። እኛ አራት ሚዜዎች ደግሞ ገና ለትኬት እያጠራቀምን ነው። መቶ መቶ ዶላር አዋጣንና ከዚያ በላይ ሰባራ ሳንቲም ላይወጣ ተማማልን።

ሙሽራይቱ የፈለገችው የፎል፣ ቅጠል የሚረግፍበት የመኸር ወቅት፣ ሻወር ነበር። ብርቱካናማ፣ ቡናማ፣ ወርቃማ፣ ዱባ በየቦታው፣ የረገፈ ቅጠል። በስልኳ ያሳየችንን ስናይ የፊኛው ቅስት ብቻ ያዋጣነውን ይጨርሳል። እኔ ግን ከጌጡ ይልቅ የሚያስፈራኝ ምግቡ ነበር። የኛ ሰው ድግስ ላይ ኪስ የሚያራቁተው ሥጋው ነው፤ ሥጋው የሚበዛው ደግሞ ሰው ስለራበው አይደለም፣ «ምን ይሉን» ስለሚባል ነው።

ያዳነን ጽጌ ነው። ጾመ ጽጌ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ስለሆነ የዚህ አገር ፎል ሲያምር፣ ቅጠሉ ሲቀላ፣ እሱም እዚያው ውስጥ ነው። የፈቃድ ጾም ስለሆነ የሚይዘውም የማይዘውም አለ፤ ከእናቶቹ መካከል ግን የማይጾም ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ የጾም ይሁን አልኩ። አክስቴ ስትሰማ ስልኩ ውስጥ ዝም አለች፤ ከዚያ፦

«ምነው ልጄ፣ ሰው ጠርተሽ በምስር ልትሸኚው ነው?»

«እታባ፣ ጽጌ እኮ ነው። ጓደኞችሽ ቢመጡ ምን ሊበሉ ነው?»

«እሱስ እውነትሽን ነው። ብቻ ሱፍ ፍትፍቱን እኔ ነኝ የምሠራው፤ እናንተ ታቀጥኑታላችሁ።»

በዚህ ተስማማን። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ሱፍ፣ ሳምቡሳ፣ የቲማቲም ስልስ። ከሁሉ በላይ ዱባ ወጥ። ፎል ዱባ ነው ካሉ ዱባው ሳህን ላይ ይገኝ እንጂ! ለዚህ ግን ሃሎዊን ላይ የሚፈለፈለው ትልቁ ዱባ አይሆንም፤ ውሃ ብቻ ነው፣ ክሩም ጥርስ ውስጥ ይገባል። ትንሿ ለፓይ የምትሸጠዋ ትሻላለች፤ ለኔ ግን ከሁሉም በተርነት የሚባለው ረዥም አንገቱ ያገራችንን ዱባ ጣዕም ይቀርባል፤ ለመላጥም ደግ ነው። ሽንኩርቱን በደንብ አቁላልታችሁ በርበሬውን ካበሰላችሁ በኋላ ጨምሩት፤ ብዙ አታማስሉት።

ጠረጴዛው ላይ ያደረግናቸው ዱባዎች እንዳይቀቡ የተከራከርኩትም ለዚሁ ነው። አንዷ ሚዜ ወርቃማ ስፕሬይ ቀለም ይዛ መጥታ ነበር። የተቀባ ዱባ ማታውኑ ቆሻሻ ነው፤ ያልተቀባው ሰኞ ወጥ ይሆናል። ሦስቱን ቀባች፣ የቀሩትን አስጣልኳት።

ሌላው ጌጥ እቤታችን ነበር። እዚህ የመኸር ጌጥ ብለው የሚሸጡት ስንደዶ የሚመስል ቅርጫት ዋጋው አያድርስ፤ እኛ ጋ ደግሞ በየግድግዳው ሰፌድ ተሰቅሏል፣ በየጥጉ መሶብ ቆሟል። ከአራት ቤት ሰበሰብነውና ጠረጴዛው ሞላ። አበባው ፈረንጆቹ ማም የሚሉት፣ በዚህ ወቅት በየግሮሰሪው በር በፖት የሚደረደረው ቢጫ አበባ ነው። አደይን አይተካም፤ ከሩቅ ግን ያታልላል። ቅጠሉን ልጆቹ ከግቢው ለቅመው አመጡ፣ በጋዜጣ መሃል አድርገን ተኮስነው። በቄጠማ ፈንታ ወለሉ ላይ ይነስነስ የሚል ሐሳብም መጥቶ ነበር፤ አዳራሹ የአፓርታማችን ፓርቲ ሩም ስለሆነና ያስያዝኩት ገንዘብ የሚመለስልኝ ጸድቶ ሲያዩት ስለሆነ እምቢ አልኩ። ምንጣፍ ላይ የደቀቀ ቅጠል ጠርጎ የሚያውቅ ይፈርድልኛል።

የስጦታውን ነገር ግን ሳስበው አሁንም ደስ ይለኛል። ኢንተርኔት ላይ የሚመዘገበው የስጦታ ዝርዝር ለእናቶቹ አይገባቸውም፤ ፖስታ ማሸግ ነው የለመዱት። እኛ ደግሞ ቲኬት ከሚቆርጥ ሰው ፖስታ መቀበል አላማረንም። ስለዚህ የባልትና ሻወር ነው አልን፦ እያንዳንዱ ሰው ከጓዳው አንድ ብልቃጥ ይዞ ይምጣ። በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ መከለሻ፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ አዝሙድ፣ በሶብላ፣ ኮሰረት፣ ጦስኝ። ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣ፣ በፍሪዘር የተሸሸገ፣ ለሰው የማይሰጠው ሁሉ ወጣ። በርበሬ ያመጡት እናቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው የማን ቀለም እንደሚበልጥ እየተያዩ፣ ጣታቸውን እየነከሩ ሲቀምሱ መዋላቸውን ላላየ ማስረዳት ይከብዳል።

ጨዋታውም ከዚያው ወጣ። ዓይን በነጠላ ይሸፈንና ብልቃጡ አፍንጫ ሥር ይቀርባል። ሙሽራይቱ ኮሰረቱን «ሻይ ቅጠል» ብላ አዳራሹን በሳቅ ገደለችው። አክስቴ ራሷን ይዛ «ወይኔ፣ ይቺን ነው የምድረው!» የሙሽራይቱ የሥራ ባልደረባ አሜሪካዊት ኮረሪማውን አሽትታ «ካርደሞም» ስትል ግን ጭብጨባው እልልታ ሆነ። በመጸዳጃ ወረቀት ቬሎ የመሥራቱ ጨዋታም ተዘጋጅቶ ነበር፤ ማንም አላስታወሰውም።

ግብዣው ላይ የጻፍነው በፈረንጆቹ ሰዓት ከቀኑ 2 እስከ 5 ሰዓት ነው፤ የጀመርነው ሦስት ተኩል ላይ። ይህ ለማንም አዲስ አይደለም። ከሰዓት በኋላ ያደረግነው የእራት ድግስ እንዳይሆን ብለን ነበር፤ ለእናቶቹም ተመቻቸው፣ ማታ የጽጌ ማኅሌት ይሄዳሉ። ጠጁ ቀርቶ የሞቀ አፕል ሳይደር፣ የፖም ጭማቂ፣ ቀረበ፣ ቀረፋና ቅርንፉድ ጣል ተደርጎበት፤ ቡናው ከፈንዲሻና ከድፎ ዳቦ ጋር። ብዙ የወጣበት እንጀራው ነው፤ እሱ ላይ መቆጠብ አይቻልም፣ ሰው ቢጎድልበት ዘላለም ይወራል።

ከአራት መቶው ስድሳ ምናምን ተረፈ። አንዷ ኬክ ይገዛ ነበር ትላለች፤ እኔ ለጥር ሻንጣ ተጨማሪ ኪሎ ይሁን ባይ ነኝ። እስካሁን አልተስማማንም፤ ገንዘቡ እኔ ጋ ነው።