ዲቦራ ማለት ንብ

ስሜ ዲቦራ ነው። ጓደኞቼ ዲቢ ይሉኛል። በዕብራይስጥ ትርጉሙ ንብ ነው። «ማር ነሽ ማለት ነዋ!» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ንብ እኮ ትናደፋለችም!

በመጽሐፍ ቅዱስ ካሉት ዲቦራዎች ሁለቱን ልንገራችሁ። አንዷ የርብቃ ሞግዚት ናት። በስሟ የምትጠቀሰው ስትሞት ነው። ከቤቴል በታች ዛፍ ሥር ተቀበረች፤ ዛፉም የልቅሶ ዛፍ ተባለ። ለአንዲት ሞግዚት ይህን ያህል መለቀሱ ደስ ይለኛል።

ታዋቂዋ ግን በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 4 እና 5 ያለችው ነቢይት ናት። በራማና በቤቴል መካከል ከዘንባባ ዛፍ ሥር ተቀምጣ እስራኤልን ትፈርድ ነበር። የጠላት ጦር አለቃ የነበረው ሲሣራ 900 የብረት ሰረገሎች ነበሩት። እሷም ባርቅን ጠርታ ዝመት አለችው። ባርቅ «አንቺ ካልሄድሽ አልሄድም» አላት። ሄደች! ግን ክብሩ ለአንተ አይሆንም፣ ሲሣራ በሴት እጅ ይወድቃል ብላ ነገረችው። እንዳለችውም ያኤል የምትባል ሴት ገደለችው።

የባርቅ ስም ትርጉሙ መብረቅ ነው፤ የእኛው መብረቅ ዘመድ። መብረቁ ያለ ንቧ አልዘምትም አለ። ስሜን ለሚያሳጥሩት ሁሉ ይህን እነግራቸዋለሁ። ዲቢ ማለታቸውን ግን አልተዉም።