ከለገጣፎ የማይነቃነቀው ከፍታ መለኪያ፦ የሴስና 150 ሲሙሌተራችን የደረሰበት ደረጃ

እኔና ወንድሜ ለገጣፎ ከሚገኘው ቤታችን ጓሮ የምንሠራው የበረራ ሲሙሌተር (በረራን በኮምፒውተር የሚያስመስል መሣሪያ) መነሻው ከአገልግሎት የወጣ ሴስና 150 የተባለ ትንሽ አውሮፕላን የአብራሪ ክፍል ነው። አካሉ አሉሚኒየም ስለሆነ ከብረት ጋር አይበየድም፤ በመሆኑም ከቱቦላሬ በተሠራ መቆሚያ ላይ በብሎን አስረን፣ ሁለቱ ተነካክተው በእርጥበት ወቅት አሉሚኒየሙ እንዳይበላ በመካከላቸው የካላማዳሪ ቁራጭ አስገብተናል።

ብዙ ያደከመን የመለኪያዎቹ ሰሌዳ ነው። የፍጥነትና የከፍታ መለኪያዎቹ የሚሠሩት በአየር ግፊት በመሆኑ ከኮምፒውተር ጋር በቀጥታ አይገናኙም። ከፍታ መለኪያው እንዲያውም ደኅና ስለነበርና የሚለካውም የጓሯችንን እውነተኛ የአየር ግፊት ስለሆነ፣ በሲሙሌተሩ ባሕር ዳር ብናርፍም እርሱ ከለገጣፎ አይነቃነቅም ነበር። ስለዚህ የቁጥር ገጹን፣ ቀስቶቹንና ጥርሶቹን አስቀርተን፣ ግፊት የሚለካውን ስስ የብረት ከረጢት አውጥተን በምትኩ ስቴፐር ሞተር (በትንንሽ እርምጃ እየተቆጠረ የሚዞር ሞተር) ገጠምን።

ለፍጥነት መለኪያው በመኪና ዳሽቦርድ ውስጥ የሚገኘው ዓይነት፣ 315 ዲግሪ ዞሮ የሚቆም ትንሽ ስቴፐር በቂ ሆኗል። የከፍታ መለኪያው ረጅም ቀስት ግን በየ1,000 ጫማው አንድ ሙሉ ዙር ስለሚዞር ማቆሚያ የሌለው ሞተር ይፈልጋል፤ እንዲህ ያለው ሞተር ደግሞ ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ የት እንደነበረ አያውቅም፤ መብራት በሚመላለስበት ሠፈር ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። መፍትሔው የሩዝ ፍሬ የምታክል ማግኔትና የሆል ሴንሰር (ማግኔት ሲቀርበው የሚያውቅ መሣሪያ) ነው። ማግኔቷ በረጅሙ ቀስት ዘንግ ላይ ብትለጠፍ ሴንሰሩ 2,000ን ከ7,000 ስለማይለይ፣ በ10,000 ጫማ አንዴ ከሚዞረው ከአጭሩ ቀስት ጥርስ ላይ ለጠፍናት። ሞተሮቹን የሚያዝዘው ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ፣ አርዱይኖ ሜጋ፣ በተነሣ ቁጥር ማግኔቷ ሴንሰሩ ፊት እስክትደርስ ቀስቶቹን ያዞርና ከዚያ መቁጠር ይጀምራል። (አሮጌ መለኪያ የምትከፍቱ ተጠንቀቁ፤ በቀድሞው ዘመን ከተሠሩት አንዳንዶቹ ሬዲየም ያለበት ቀለም የተቀቡ ናቸው፤ ቀለሙ ማብራቱን ቢያቆምም ጨረሩ አይጠፋም።)

ነዳጅና አየር የሚመጥነውን ቀዩን መቆጣጠሪያ ብዙዎች ለጌጥ ይተዉታል፤ ለእኛ አገር ግን ቀድሞ መገናኘት ያለበት እርሱ ይመስለኛል። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ፣ ሙቀቱ 24 ዲግሪ በሚደርስበት ቀን አየሩ በመደበኛው ስሌት የ3,200 ሜትር ከፍታን ያህል ይሳሳል፤ የሴስናው ባለ100 ፈረስ ጉልበት ሞተርም ከሩብ በላይ ኃይሉን ያጣል። በዝቅተኛ ቦታ ላሉ አየር ማረፊያዎች የተዘጋጁ ትምህርቶች እንደሚሉት ቀዩን እስከ መጨረሻው ገፍቶ ከቦሌ ለመነሣት የሞከረ ሰው ነዳጅ የበዛበት ሞተር ሲንገጫገጭ ይሰማል፤ መቆጣጠሪያውን ቀስ እያለ ወደ ራሱ ሲስብ ግን ዙሩ ከፍ ይላል። ይህንን መቆጣጠሪያ በተንሸራታች ፖቴንሽዮሜትር (ሲገፋና ሲሳብ ያለበትን ቦታ በኤሌክትሪክ ለኮምፒውተሩ በሚነግር መሣሪያ) አገናኝተነዋል።

የቀረን የእግር ፔዳሎቹ ናቸው። ፔዳሎቹን ወደ ቦታቸው የሚመልሰው ከካላማዳሪ የቆረጥነው ላስቲክ በብርድ ስለሚደርቅ በሞላ ልንተካው አስበናል፤ ለዚህ የሚሆን ለስላሳ ሞላ የት እንደሚገኝ የሚያውቅ ቢጠቁመን ደስ ይለናል።