«የምን ሊግ ነው?» ከማለታችን በፊት

ሜይ ወር ሲገባ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ የወላጆች ወሬ አንድ ይሆናል። ትራይአውት፣ ማለትም የልጆች እግር ኳስ ክለቦች ተጫዋች የሚመርጡበት ፈተና። «ልጅህ የት ገባ?» ይባላል። የክለቡን ስም ስትናገር ደግሞ ወዲያው «የምን ሊግ ነው?» ይከተላል። አሰልጣኙ ማን ነው፣ ልጁ ምን ያህል ይጫወታል ብሎ የሚጠይቅ እስካሁን አላጋጠመኝም።

እኔ የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ልጄ 13 ዓመቱ ነው። አማካይ ነው፣ ኳስ ይወዳል፤ ሲናደድም ሲደሰትም ጓሮ ወጥቶ ግድግዳ ጋር ይቀባበላል። ባለፈው ዓመት የሊግ ስም ብለን ከጥሩ ቡድን አወጣነው። ያ ዓመት ስላስተማረኝ ነው ይህን የምጽፈው። ዘንድሮ ያንኑ መንገድ ሊሄዱ የተዘጋጁ ብዙ ሐበሻ ቤተሰቦች አውቃለሁ።

መጀመሪያ ስሞቹን እናጥራ፣ ምክንያቱም ሆን ተብሎ እስኪመስል ድረስ የተወሳሰቡ ናቸው። የአሜሪካ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ከ2007 ጀምሮ የራሱ የአካዳሚ ሊግ ነበረው። በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ ዘጋው። ክፍተቱን ለወንዶች ኤምኤልኤስ (የአሜሪካ ዋናው የፕሮፌሽናል ሊግ) ያቋቋመው የልጆች ሊግ፣ ኤምኤልኤስ ኔክስት፣ ሞላው። ኢሲኤንኤል የሚባለው ሌላው አገር አቀፍ የልጆች ሊግ ግን ከዚያ በፊትም ነበር፤ በ2009 ለሴቶች ተጀምሮ በ2017 ወንዶችን ጨመረ። ለሴቶች በ2020 ገርልስ አካዳሚ የሚባልም መጣ። ከእነዚህ ሥር ዝቅ ያሉ ሊጎች፣ የኢሲኤንኤል ሪጅናል ሊግ፣ ኤንፒኤል፣ ኢዲፒ፣ እኛ አካባቢ ደግሞ ኤንሲኤስኤል አሉ። ኤምኤልኤስ ኔክስት ራሱ ከ2025 ጀምሮ ሆምግሮውን እና አካዳሚ በሚባሉ ሁለት ዲቪዚዮኖች (ምድቦች) ተከፍሏል። ስለዚህ አንድ ወላጅ «ኔክስት ነው» ሲላችሁ የትኛው እንደሆነ ጠይቁት።

አሁን ዋናው ነገር። አገር ቤት ሊግ ስንል የምናውቀው ያሸነፈ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ሲያድግ፣ የተሸነፈ ወደ ከፍተኛ ሊግ ሲወርድ ነው። ቡድኑ ደረጃውን በእግሩ ያገኘዋል። እዚህ ትልልቆቹ የልጆች ሊጎች እንደዚያ አይደሉም። ቡድን በውጤቱ አይገባም፣ ክለቡ ነው ተቀባይነት አግኝቶ የሚገባው። ክለቡ አንዴ ከገባ ጠንካራ የሆነው የ15 ዓመት ቡድኑም፣ ደካማ የሆነው የ13 ዓመት ቡድኑም እኩል ያንን አርማ እጅጌው ላይ ለጥፎ ይወጣል። ጎረቤት ያለው ክለብ ደግሞ አንድ በጣም ጎበዝ ቡድን ይዞ፣ ክለቡ ትንሽ ስለሆነ ብቻ፣ ታች ሊግ ውስጥ ሊቀር ይችላል። ሁለቱ በወዳጅነት ጨዋታ ሲገናኙ የታችኛው የላይኛውን 4 ለ 1 ሲያሸንፈው በዓይኔ አይቻለሁ። ኤንሲኤስኤልን የምወደው ለዚህ ነው፤ በአንድ ዕድሜ ውስጥ ብዙ ዲቪዚዮን አለው፣ ያሸነፈ ይወጣል፣ የተሸነፈ ይወርዳል።

ሌላው ደግሞ የሁለተኛና የሦስተኛ ቡድን ጉዳይ ነው። ክለቡ ኢሲኤንኤል ውስጥ ነው ማለት ልጃችሁ ኢሲኤንኤል ይጫወታል ማለት አይደለም። አንደኛው ቡድን እዚያ ይጫወታል፣ ሁለተኛው ሪጅናል ሊግ፣ ሦስተኛው ኢዲፒ ወይም ኤንሲኤስኤል። ማልያው አንድ ነው፣ ክፍያውም ብዙ አይራራቅም። እኛም የገባነው እንዲህ ነው። ክለቡን ስሙን አልጠራም። ልጄን ለሁለተኛው ቡድን ወሰዱት፣ «ከገና በኋላ ወደ አንደኛው ያድጋል» አሉን፣ እኛም አመንን። 3,000 ዶላር ለክለቡ፣ ከዚያ በላይ ሆቴልና ቤንዚን። ማደጉ ሳይነሳ ዓመቱ አለቀ።

አንድ እሁድ ሪችመንድ ነበር ጨዋታው። ገና ሳይነጋ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስተን በ95 አውራ ጎዳና ቁልቁል ነዳን። ዝናብ ነበር። ልጄ ከተጠባባቂ ወንበር ጫፍ ላይ ጃኬቱን እስከ አገጩ ቆልፎ ተቀምጧል። አሰልጣኙ ወደ ወንበሩ ዞር ባለ ቁጥር ቀና ይላል። ከ70 ደቂቃው 11 ደቂቃ ተጫወተ፣ እሱም መጨረሻ ላይ፣ ጨዋታው ካለቀለት በኋላ። ማታ ባለቤቴ የስፖርት ቦርሳውን ከፍታ ማልያውን አወጣችና ገልበጥ አድርጋ አየችው። «ይሄ መታጠብ አለበት እንዴ?» አለችኝ። ምንም አልነካውም፣ ጭቃ የለበትም። ልጁ ደረጃው ላይ ቆሞ ነበር፣ ሰማ። ምንም ሳይል ወደ ክፍሉ ወጣ። አንጀቴን በላው። ጓሮ ሳይወጣ የዋለበት የመጀመሪያው ሳምንት ያ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ የልጅ ደረጃ በምን ይለካል ብዬ ማሰብ የጀመርኩት። ሰዎች ጎትስፖርት ወደሚባለው ድረ ገጽ የቡድኖች ደረጃ ሰንጠረዥ ይሮጣሉ። ሰንጠረዡ ግን ነጥብ የሚሰጠው በሚሳተፉበት ውድድር ነው፣ ብዙ ውድድር የሚከፍል ቡድን ብዙ ነጥብ የመሰብሰብ ዕድል አለው። እኔ አሁን የማየው የጨዋታ ውጤቶችን ነው። የቡድኑን ያለፉ አሥር ጨዋታዎች አውጥቼ አያለሁ። ግማሹ 7 ለ 0 ከሆነ፣ ማንም ያሸንፍ ማን፣ ያ ቡድን ቦታው እዚያ አይደለም። 2 ለ 1፣ 1 ለ 1፣ 3 ለ 2 የሚበዛ ከሆነ ልጁ በየሳምንቱ ይፈተናል፣ ይማራል። ይህን ለማወቅ የሊጉ ስም አያስፈልግም።

ዘንድሮ ኤንሲኤስኤል ወዳለ ቡድን መለስነው። ሙሉውን ማለት ይቻላል ይጫወታል። ይሳሳታል፣ ኳስ ይነጠቃል፣ ጎል ሲገባበት እሱ ጥፋተኛ የሆነበት ጊዜ አለ፣ ግን በሚቀጥለው ደቂቃ ኳሷን እንደገና ይጠይቃል። ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ይህን የሚማር ልጅ የለም።

ትልቁ ሊግ ምንም አይጠቅምም እያልኩ አይደለም። በእርግጥ የበላይ የሆነ ልጅ ከሚበልጡት ጋር መጫወት አለበት፣ የዩኒቨርሲቲ አሰልጣኞችም ወደ ኢሲኤንኤልና ኔክስት ውድድሮች ይሄዳሉ። የኤምኤልኤስ ክለቦች የራሳቸው አካዳሚዎች አብዛኞቹ ልጁን አያስከፍሉም፣ ያ ለእንደኛ ዓይነቱ ቤተሰብ ትልቅ ነገር ነው። በዚያው ሊግ ያሉት ሌሎቹ ክለቦች ግን በአብዛኛው ያስከፍላሉ። 9ኛ ክፍል ሊገባ ያለ ልጅ ካላችሁ ደግሞ ሆምግሮውን ዲቪዚዮን በአብዛኛው ለትምህርት ቤት ቡድን መጫወትን እንደሚከለክል ከመፈረማችሁ በፊት እወቁ። ለአንዳንድ ልጅ ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር መጫወት ትልቅ ደስታ ነው።

ጌድዮን ዘላለምን ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። በርሊን ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወልዶ በልጅነቱ ሜሪላንድ የመጣው። እዚሁ ጎረቤታችን ኦልኒ ሬንጀርስ ነበር የሚጫወተው፣ የኤምኤልኤስ ክለብ አካዳሚ ያልሆነ የሰፈር ክለብ። አርሰናል ያየው ያንን ማልያ ለብሶ ዳላስ ካፕ በሚባለው የወጣቶች ውድድር ላይ ነው። 2014 ላይ፣ ገና 17 ሳይሞላው፣ ለአርሰናል በኤፍኤ ካፕ ተሰለፈ። እንደሱ የሚሆን ልጅ ብርቅ ነው፣ ለልጄም ይህን ቃል አልገባለትም። ግን ኳስ እግሩ ሥር እየገባ ያደገ ልጅ መሆኑን ልብ በሉ።

ባለፈው ወር አንዲት እህት ደወለችልኝ። ልጇ 12 ዓመቷ ነው፣ ትልቅ ስም ያለው ክለብ ሁለተኛ ቡድን ጠርቷታል፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ካልፈረማችሁ ቦታው ይሄዳል ብለዋታል። «ምን ላድርግ?» አለችኝ። ማክሰኞ ማታ ሳትነግሪያቸው ልምምዳቸውን ሄደሽ እዪ አልኳት። ስንት ልጆች እንዳሉ ቁጠሪ፣ አሰልጣኙ የደከመችውን ልጅ እንዴት እንደሚያናግራት ስሚ፣ ባለፈው ዓመት ከሁለተኛው ወደ አንደኛው ስንት ልጆች እንዳደጉ በስማቸው ይንገሩሽ።

ረቡዕ መልሳ ደወለች። «22 ልጆች፣ አንድ አሰልጣኝ። ያደጉትን ስጠይቅ ኢሜይል እናደርግልሻለን አሉኝ» አለች። ኢሜይሉ አልመጣም። ልጇ የነበረችበት ቀረች። ቅዳሜ ጠዋት ከእኛ ልጆች ቀጥለው እዚያው ሜዳ ላይ ይጫወታሉ፣ ቡናውን እሷ ይዛ ትመጣለች።