ስክሪንን በካሜራ ማንሳት፦ የ1/20 ሰከንድ ጉዳይ

በስልክ ወይም በኮምፒውተር ላይ የሚታይን ነገር ለማስቀረት ስክሪንሾትን የሚተካከል መንገድ የለም፤ ስክሪንሾት መውሰድ እየተቻለ ካሜራ ማውጣት ትርፉ ድካም ነው። ሆኖም የእኔ ሥራ ለመሥሪያ ቤቶችና ለሱቆች የመሣሪያ አጠቃቀም መመሪያ ማዘጋጀት በመሆኑ፣ ብዙውን ጊዜ ከፊቴ የሚቀመጠው ስክሪንሾት የማይወስድ ዕቃ ነው፦ የደረሰኝ ማሽን፣ መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ)፣ የልብ ምት መከታተያ፣ ወይም ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የስህተት መልእክት አሳይቶ ቀጥ ያለ ኮምፒውተር። ብሔራዊ ትያትር አካባቢ በሚገኘው ቢሯችን እነዚህን ዕቃዎች በዲጂታል ካሜራ ሳነሳ የምከተለውን አሠራር እዚህ ማስፈር የፈለግኩት፣ በእንግሊዝኛ አንብቤ የማገኘው ምክር በብዛት 60 ሄርትዝ ኤሌክትሪክ ላለበት አገር የታሰበ ስለሆነ ነው። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ሄርትዝ (በሰከንድ 50 ዑደት) ነው፤ ይህም ልዩነት ፎቶው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ከሁሉ አስቀድሞ ስክሪን ብርሃን ተቀባይ ሳይሆን ብርሃን ሰጪ መሆኑን ማሰብ ያስፈልጋል። ወረቀት ወይም የሰው ፊት ስናነሳ ብርሃን እንጨምራለን፤ ስክሪን ላይ የምንጨምረው ብርሃን ግን መስታወቱ ላይ አርፎ ጥቁር መሆን የነበረበትን ቦታ ግራጫ ከማድረግ በቀር የሚፈይደው የለም። ፍላሽ መጥፋት ያለበት በዚህ ምክንያት ነው። ካሜራው በራሱ የሚመርጠው የብርሃን መጠንም አያስተማምንም፤ መለኪያው የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ስለሚያስጠጋ፣ በጥቁር መደብ ላይ ጥቂት ነጭ ፊደላት የሰፈሩበት ገጽ ከልክ በላይ ፈክቶ ፊደላቱ ይደፈጠጣሉ፣ ነጭ ሰነድ የተከፈተበት ገጽ ደግሞ ይጠቁራል። ስለዚህ ካሜራውን ማኑዋል ላይ አድርጎ በእጅ ማስተካከል ይሻላል። ካልኩሌተርና አብዛኞቹ መልቲሜትሮች ግን ከዚህ ውጭ ናቸው፤ የኋላ መብራታቸው ካልበራ የሚነበቡት ከውጭ በሚያርፍባቸው ብርሃን ስለሆነ፣ ከመስኮት አጠገብ አስቀምጦ እንደ ወረቀት ማንሳት በቂ ነው።

አስቸጋሪው የጊዜው ነገር ነው። የተለመደ የኮምፒውተር ስክሪን ምስሉን በሰከንድ 60 ጊዜ ያድሳል። የአብዛኞቹ ካሜራዎች ሴንሰር (ብርሃን ተቀባዩ ክፍል) ደግሞ በኤሌክትሮኒክ ሸተር (ሸተር ብርሃን የሚሰበሰብበትን ጊዜ የሚወስነው ነው) ሲሠራ ምስሉን በአንድ ቅጽበት አይቀበልም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ በመስመር በመስመር ያነባል። ሜካኒካል ሸተርም ቢሆን ከፍተኛ ፍጥነት ላይ ሲደርስ የሚያደርገው ጠባብ ክፍተትን በሴንሰሩ ፊት ማሳለፍ ብቻ ነው። እንግዲህ ሸተሩ በ1/500 ሰከንድ ሲሠራ እያንዳንዱ የሴንሰሩ መስመር የስክሪኑን ዑደት ቁራጭ ብቻ ይይዛል፤ አንዱ መስመር ብርሃኑ ከፍ ሲል፣ ሌላው ዝቅ ሲል ስለሚደርስበት ፎቶው ላይ ጥቁር ቀበቶዎች ይጋደማሉ። መፍትሔው ሸተሩ ሙሉ ዑደቶችን እንዲያካትት ማድረግ ነው፤ እያንዳንዱ መስመር ከየትም ይጀምር፣ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሙሉ ዑደት እስከያዘ ድረስ የሚሰበስበው ብርሃን እኩል ይሆናል። 1/60፣ 1/30 እና 1/15 ሰከንድ የሚመከሩት ለዚህ ነው።

ለመመሪያ የሚሆን ፎቶ ግን ስክሪኑን ብቻ አያሳይም፤ ቁልፉን የሚጫነው ጣት፣ የማሽኑ ጎን፣ የገመዱ መሰኪያም መታየት አለባቸው፤ እነዚህን የሚያበራቸው ደግሞ የቢሮው አምፖል ነው። በ50 ሄርትዝ ኤሌክትሪክ የሚሠራ አምፖል በእያንዳንዱ ዑደት ሁለት ጊዜ ከፍ ዝቅ ስለሚል በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ ርካሽ የኤልኢዲ አምፖሎች ላይ ይህ ይብሳል። 60 ሄርትዝ ባለበት አገር ርግብግቡ 120 በመሆኑ 1/60 ሰከንድ ለስክሪኑም ለአምፖሉም ይስማማል። እኛ ዘንድ በ1/60 ስናነሳ ስክሪኑ ጥርት ሲል ግድግዳውና ጣቱ ላይ ቀበቶ ይወጣል፤ በ1/50 ስናነሳ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ሁለቱን የሚያስታርቀው 1/20 ሰከንድ ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ስክሪኑ ልክ 3 ዑደት፣ አምፖሉ ልክ 5 ርግብግብ ይጨርሳሉ። በሰከንድ 120 ጊዜ ለሚያድስ ስልክም ይኸው ይሠራል። 90 ለሚያድሰው 1/10፣ 75 ለሚያድሰው የኮምፒውተር ስክሪን 1/25 ይሆናል። ፓል በተባለው የቴሌቪዥን ሥርጭት ሥርዓት ለሚሠራው አሮጌ ባለ ቱቦ ቴሌቪዥንም 1/25 ነው፤ ምስሉን በሰከንድ 25 ጊዜ የሚያሟላ በመሆኑ።

በዚህ ፍጥነት ካሜራን በእጅ ይዞ ማንሳት ስለሚያደበዝዝ ትራይፖድና የሁለት ሰከንድ ታይመር ያስፈልጋሉ፤ ቁልፉን የምትጫነው ባልደረባዬም ጣቷን ለአፍታ ታቆማለች። የስክሪኑን ብሩህነት ዝቅ ማድረግ ብርሃኑን የሚያለሰልስ ቢመስልም፣ ብዙ ስክሪኖች ብሩህነትን የሚቀንሱት መብራታቸውን በፍጥነት በማጥፋትና በማብራት ስለሆነ ቀበቶውን ሊያብሱት ይችላሉ። የደረሰኝ ማሽኖች ለደንበኛው የሚያሳዩት የሚያበራ የቁጥር መስኮት በተለይ ሰውን ያደናግራል፤ በብዙዎቹ አኃዞቹ የሚበሩት በአንድነት ሳይሆን በየተራ ሲሆን፣ ዓይናችን ግን አንድ ላይ የበሩ አድርጎ ያያቸዋል። በፈጣን ሸተር ከተነሳ 4,850 ብር የነበረው ዋጋ 4 እና 5 ብቻ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። እንዲህ ያለ ፎቶ አይቶ ማሽኑ ተበላሽቷል ብሎ ወደ ጠጋኝ የሚሄድ ሰው ቢኖር አልፈርድበትም።

ሁለተኛው ፈተና ሞይሬ የሚባለው፣ ፎቶው ላይ እንደ ቀስተ ደመና የሚጠማዘዘው መስመር ነው። ስክሪኑ የፒክስሎች ፍርግርግ ነው፣ የካሜራው ሴንሰርም እንዲሁ፤ ሁለቱ ተደራርበው ሳይገጥሙ ሲቀሩ በሁለቱም ላይ ያልነበረ ሦስተኛ ሥርዓት ይፈጠራል። ቀለማም የሚሆነው አብዛኞቹ ሴንሰሮች ኮዳክ ውስጥ ይሠራ የነበረው ብራይስ ባየር በፈለሰፈውና በ1976 እ.ኤ.አ. ፓተንት ባገኘው የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ማጣሪያ ስለተሸፈኑ ነው። ብዙ ጊዜ ካሜራውን ጥቂት ማራቅ ወይም በትንሹ ማዘንበል ይበቃዋል። ካልበቃ የሌንሱን ቀዳዳ ወደ ኤፍ 16 ማጥበብ፣ አለዚያም ፎከሱን በፀጉር ያህል ማዛባት ይረዳል። ይህ የመጨረሻው ለላቲን ፊደል ብዙም አይጎዳ ይሆናል፤ ለአማርኛ ግን እጅግ እጠነቀቃለሁ፤ ሉን ከሊ የሚለየው የቅጥሏ ቦታ ብቻ ነውና፣ ፎከሱ ጥቂት ካለፈ አንባቢው መገመት ይጀምራል።

ነጸብራቅን ለመከላከል ጥቁር ጨርቅ ለሌንስ የሚሆን ቀዳዳ አበጅቶ በካሜራው ፊት መወጠር ያዋጣል። ነጭ ሸሚዝ ወይም ነጠላ ለብሶ ስክሪን ማንሳት ግን ራስን ፎቶው ውስጥ መጨመር ነው። የጠረጴዛው ኮምፒውተር ቢጠፋም ላፕቶፕንና ስልክን ብቻቸውን ለማንሳት መብራት የሄደበትን ምሽት የሚያህል ስቱዲዮ የለም። ፖላራይዘር የሚባለውን ነጸብራቅ የሚቀንስ ማጣሪያ ሌንስ ላይ የሚገጥም ሰው ደግሞ ኤልሲዲ ስክሪን የሚሰጠው ብርሃን ራሱ ፖላራይዝድ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚርገበገብ) መሆኑን ይወቅ፤ ማጣሪያው በአንድ አቅጣጫ ሲዞር ስክሪኑ ፈጽሞ ሊጨልም ይችላል። ዋይት ባላንስን (የነጭ ቀለም ማስተካከያን) በተመለከተ ብዙ ስክሪኖች የሚስተካከሉት ለ6500 ኬልቪን ስለሆነ እዚያው ላይ ማቆየት ነው፤ አምፖሉ ቢጫ ሆኖ ይወጣል፣ ይውጣ።

በ2013 ዓ.ም. በታደሰው መስቀል አደባባይ ያሉትን ትልልቅ የኤልኢዲ ስክሪኖች ማንሳት ለሚፈልግም ሕጉ ያው ነው። እንዲህ ያሉ ስክሪኖች በብዛት ረድፎቻቸውን በየተራ ስለሚያበሩ ፈጣን ሸተር ይቆራርጣቸዋል። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ታደበዝዛቸዋለች፣ ከመሸ በኋላ ደግሞ ዙሪያው ጨልሞ እነሱ ብቻ ነጭ ይሆናሉ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ሰማዩና ስክሪኑ የሚቀራረቡበት አጭር ጊዜ አለ፤ ትራይፖዱን አስቀድሞ ተክሎ መጠበቅ ነው፤ ጥበቃዎችን አስፈቅዶ መሆኑን ሳልጨምር አላልፍም።

ፎቶው በካሜራው ትንሽ መስኮት ላይ ሲታይ ሞይሬ ያለ ቢመስል ለመሰረዝ አይቸኮል፤ ምስሉ ተጨምቆ ሲታይ ብቻ የሚፈጠር ሊሆን ስለሚችል በ100 ፐርሰንት አስፍቶ መፈተሽ ይገባል። በዚያው ምክንያት ለደንበኛ በቴሌግራም የምልከው ፎቶ አድርጌ ሳይሆን ፋይል አድርጌ ነው፤ ከመላኬ በፊትም ስክሪኑ ላይ የሰው የሒሳብ ቁጥር ወይም ስልክ ካለ እሸፍነዋለሁ።