የተልባ እግር በዊስኮንሲን

ስለ መንገዱ የምለው ብዙ የለኝም። ከሚኒያፖሊስ እስከ ኢግል፣ ዊስኮንሲን ያለች ትንሽ ከተማ፣ ከአምስት ሰዓት በላይ ነው፤ በቆሎ፣ አኩሪ አተር፣ እንደገና በቆሎ። እማዬ ከደብረ ማርቆስ ከመጣች ሁለተኛ ወሯ ነው። "እዚህ አገር ሰው የለም እንዴ?" አለችና ማዲሰን እስክንደርስ ተኛች።

ሌሊቱን ግን አልረሳውም። ሞቴሉ ስልኬ ላይ 89 ዶላር ነበር፤ ባንኮኒው ጋ ስንደርስ 117 ሆነ። ለምን ስለው ልጁ ትከሻውን ሰበቀ። ምንጣፉ ሲጋራ ሲጋራ ይሸታል፤ ማቀዝቀዣው እንደ ወፍጮ ቤት ሲያጓራ አደረ። እማዬ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ጣል አድርጋ ለጥ አለች። እኔ ጣሪያ ላይ እንዳፈጠጥኩ ነጋ።

የሄድነው ኦልድ ወርልድ ዊስኮንሲን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1976 የተከፈተ የሜዳ ላይ ሙዚየም። የስደተኛ ገበሬዎችን ቤት ከየገጠሩ ፈታተው አምጥተው እዚህ መልሰው ገጥመውታል። የኖርዌዮቹንና የፊንላንዶቹን በሩጫ አለፍናቸው።

የጀርመኖቹ ሰፈር ያዘን። ሹልዝ የሚባሉ ቤተሰቦች ቤት እ.ኤ.አ. በ1856 የተሠራ ነው። የመጡት ከፖሜራኒያ ነው፤ ባልቲክ ባሕር ዳር፣ ዛሬ አብዛኛው ፖላንድ ውስጥ ያለ አገር። እዚያ ሰፋፊው መሬት የመኳንንት ነበር። ብዙው ገበሬ በእኛ ቋንቋ ጭሰኛ ነበር ማለት ነው። እዚህ ደግሞ መንግሥት አንዱን ኤከር በ1.25 ዶላር ይሸጥ ነበር። አያቴ ጭሰኛ ነበርና ይህን ስነግራት እማዬ፣ "ታዲያ ባሕር ቢሻገሩ ይፈረድባቸዋል?" አለች። የተሸጠላቸው መሬት ሆቻንክና ፖታዋቶሚ የሚባሉት የአገሩ ነባር ሕዝቦች ተገፍተው የለቀቁት መሆኑን ስጨምርላት ግን ዝም አለች።

ግድግዳው የእንጨት ማገር ሆኖ መሐሉ በጭቃና በጭድ ተመርጓል። እማዬ በጥፍሯ ጫር አድርጋ "ጭዱ አንሷል" አለች። ጠባቂ አየን ብዬ ዞር ዞር አልኩ። ቤቱ መሐል "ጥቁር ወጥ ቤት" የሚሉት መስኮት አልባ ክፍል አለ። እሳቱ ከታች ይነድዳል፣ ጭሱ ሰፊውን ጭስ ማውጫ ሞልቶ ይወጣል። እዚያ ላይ የአሳማ ሥጋ ይሰቅሉ ነበር ስላት አማተበች። ፍልሰታ ነዋ! የጥላሸቱን ጠረን ግን ወደደችው። "የእናቴ ማድ ቤት" አለች፣ ቀስ ብላ።

ውጭ፣ የዚያን ዘመን ቀሚስና ቆብ ያደረገች ወጣት ደረቅ አገዳ በእንጨት መሣሪያ ትቀጠቅጣለች። እማዬ መሬት ካለው ፍርፋሪ ቆንጠር አድርጋ መዳፏ ላይ አሸችና "ተልባ!" አለች።

ተልባ ነበር። እነሱ የሚፈልጉት ግን አገዳውን ነው። ክር የሚፈተልበት ጭረቱ እንዳያጥር አያጭዱትም፤ ከነሥሩ ይነቅሉታል። ፍሬውን ያራግፉና አገዳውን ሣር ላይ አስጥተው ለሳምንታት በጤዛ ያበሰብሱታል። ደርቆ ሲቀጠቀጥ እንጨት እንጨቱ ይረግፍና ጭረቱ ይቀራል። ሲበጠር የፈረንጅ ልጅ ጠጉር ነው።

ፈርዖን ለዮሴፍ የተልባ እግር ልብስ አለበሰው ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማለሁ። ተልባ ምን እግር አለውና ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ለካ ይኸው!

እማዬ፣ "እስቲ አምጪው የኔ ልጅ" ብላ በአማርኛ መቀጥቀጫውን ተቀበለቻት። ልጅቷም ሳታንገራግር ሰጠቻት። አምስት ስድስት ጊዜ ደህና አድርጋ ደቃችው።

"ፍሬውን ምን ያደርጉታል በላት።"

ለዘር ያስቀምጡታል፣ ዘይትም ይጨመቃል አለች።

"አይበጠብጡትም?"

አይበጠብጡትም። እማዬ ከልቧ አዘነችላቸው። ልጅቷ ትንሽ ጭረት ጠቅልላ ሰጠቻት፤ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።

ምሳ፣ የጾም የሚባል ነገር ስላላገኘን፣ በከረጢት የታሸገ ድንች ጥብስ ሆነ።

ማታ ሚኒያፖሊስ እንደገባን ሱፐርማርኬት አስቆመችኝ። ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ተልባ፣ ስድስት ዶላር ከምናምን። መርካቶ ቢሰማ ይስቃል። ቤት ስንደርስ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር መጥበሻ ጣደች። ማመስ ከመጀመሯ ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ ደወል ጮኸ። እኔ ወንበር ላይ ወጥቼ በፎጣ አራግባለሁ፤ እሷ ቀና ብላም አላየችኝ፣ ታማስላለች።